ዙፋን ያቆየችው ዛጎል

መተማ ውስጥ ባሕር አይቶ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ፣ በዚያ በደርግ ዘመን ከከባድ መኪና ሾፌሮች በቀር የሚገኙት እትየ ረቢዓ ብቻ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ፖርት ሱዳን ነው። በጋብቻ መጥተው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ ከአንዲት የጭቃ ቤትና ከአንድ ልጅ ጋር ቀሩ። ልጁ ሙሐመድጣሂር ይባላል። አፉን የፈታው በዐረብኛም በአማርኛም ነው። ጢሙ ሲያቆጠቁጥ የመኪና ረዳት ሆኖ ወደ እናቱ አገር ወረደ፤ እዚያው ወደቡ ላይ ሥራ ያዘ።

ዙፋን የአጥር ጎረቤታቸው ናት። ከጎጃም፣ ከቋሪት፣ ከባሏ ከዋሴ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ብላ የወረደች ሴት ናት። ዋሴ ብዙ ሳይቆይ ካላዛር ያዘው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሌላው ገላው አልቆ፣ ከኮኪት እርሻ በቃሬዛ መጣና መተማ ተቀበረ። ዘመዶቿ «አገርሽ ግቢ» ብለው ላኩባት። «እሱን ለማን ትቼ» አለችና ቀረች። ልጅ አልወለደችም። አረቄ እያወጣች ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ትሸጣለች፤ በዚያው ትተዳደራለች።

አንዲት ሰላት የማያልፋቸው እስላምና አንዲት አረቄ አውጪ ክርስቲያን እንዴት ተዋደዱ ብሎ የሚገረም አይጠፋም ነበር። ግን በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር የሳሳ የጭራሮ አጥር ነው፤ እሳት ይቀባበሉበታል፣ ወሬ ይቀባበሉበታል። ዋሴ በታመመ ጊዜ ሩዝ አፍልተው፣ ውሃውን አጥልለው፣ በማንኪያ ያጠጡት የነበሩት እትየ ረቢዓ ናቸው። ዙፋን ያንን አልረሳችም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ሙሐመድጣሂር በሱዳን መኪና መጣ። ጭኑ ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የመስታወት ሣጥን ታቅፏል። ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን ቀን ዛፍ ጥላ ሥር እያረፈ ነው ያመጣው። እናቱ ሁልጊዜ «ባሕሩ ናፈቀኝ» ይሉ ነበርና፣

«እማ፣ ባሕሩን መጫን አልቻልሁም፤ ከነዋሪዎቹ አንዱን አመጣሁልሽ» አላቸው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሣጥኑ ውስጥ ውሃ አለ። ከውሃው ግርጌ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የታጠፈ ዛጎል ተጣብቋል። ሁለቱ ክዳኖቹ ገርበብ ብለዋል፤ በመካከላቸው ወፍራም ከንፈር የመሰለ ሥጋ ወጥቶ ተዘርግቷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ዙፋን እንዲህ ያለ ሰማያዊ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጥሩ አረቄ ክብሪት ሲነካው የሚያወጣው ነበልባል።

«እትየ ረቢዓ፣ ይኸ ነገር አፍ ነው ወይስ ምንድር ነው?»

«አፉም ነው፣ ዓይኑም ነው፣ ልብሱም ነው።»

«ይናከሳል?»

«አንቺን? አንቺማ አረቄ አረቄ ትሸቻለሽ፤ ይሰክርብኛል።»

«ምን ይበላል ታዲያ?»

«ፀሐይ።»

ዙፋን ሳቀች። «እንግዲያ ከመተማ የተሻለ የሰርግ ቤት የት ያገኛል!»

እትየ ረቢዓ ግን አልቀለዱም። ዛጎሉ ብርሃን ከከንፈሩ ላይ ካላረፈ እየመነመነ ይሞታል። ብርሃኑን እየፈለገ ሙቀቱን ደግሞ አይችልም፤ የመተማ ፀሐይ ሁለቱንም ባንድ እጇ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ሣጥኑን ከግቢው ራኩባ ጠርዝ፣ ከሣር ዳሱ ሥር አስቀመጡት። ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል፤ ቀትር ላይ ሰሌን ይጋረድበታል። የሣጥኑ ጎንና ጎን በጆንያ ተሸፍኖ፣ ጆንያው ቀኑን ሙሉ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ ነፋስ ሲነካው እንደሚያልበው የሸክላ የመጠጥ ውሃ ጋን፣ እንደ ዚር፣ ይቀዘቅዛል። ማታ ማታ እትየ ረቢዓ ውሃውን በቅል እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል። «ማስተንፈስ» ይሉታል ይኽን። ሾፌሮች ከወደቡ የባሕር ውሃ በጀሪካን ሲያመጡላቸው ደግሞ የሣጥኑን ውሃ ጥቂት ቀድተው ይደፉና በአዲሱ ይተካሉ። እጃቸውን ሳሙና ሳይነካው፣ ቀለበታቸውን አውልቀው ነው ውሃውን የሚነኩት። ከሁሉም በላይ መዳብና ነሐስ ጠላቱ ነው ይሉ ነበር።

ጤንነቱን የሚለዩት በጥላ ነው። እጃቸውን ከላይ ሲያሳልፉ ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርቅም ይላል። «ይኸውልሽ፣ ዛሬም ነቅቷል» ይላሉ ለዙፋን። የሚዘጋ ዛጎል ደኅና ነው። ጥላ አልፎበት ዝም ካለ ግን ማሰብ ነው።

እንዲህ ሆኖ ጥቂት ወራት አለፉ። በየካቲት፣ ከደንበር ማዶ የመጣ ግመል ነጂ ለሱቅ ነጋዴው ለኸሊል ቃል አመጣ። ኸሊል የእትየ ረቢዓ ባል ወንድም ነው። ሙሐመድጣሂር ታሟል፤ ፖርት ሱዳን ሆስፒታል ተኝቷል፤ እናቱን ይጠራል።

እትየ ረቢዓ በማግስቱ ለመሄድ ተነሡ። ዙፋን ስንቅ ይዛ ብትገባ፣ ሻንጣቸውን ትተው ሣጥኑ ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ያ ዙፋን፣ ይኸን ለማን ልተው?»

«ለአያ ኸሊል አይተዉም?»

«ኸሊል ዶሮ እንኳ አሳድጎ አያውቅ። ደግሞ ልጄ ያመጣው ነው። አልጋው ላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይኸን ነው። 'ደኅና ነው' ልለው እፈልጋለሁ።»

ዙፋን ዛጎሉን አየችው። ለክርስቲያን የማይነካ ነገር ነው፤ ቅርፊትና ክንፍ የለው። ግን የሩዙ ውሃ ትዝ አላት።

«ይተዉልኝ።»

«አደራ?»

«አደራ። ሰማይም ምድርም ይስማ።»

እትየ ረቢዓ ሥርዓቱን ነገሯት። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ጥላ። ጆንያው አይድረቅ። ማታ ማታ አስተንፍሺው። ከድንጋዩ ለማላቀቅ እንዳትሞክሪ፤ እግሩ ላይ እንደ ክር የመሰለ ማሰሪያ አለው፣ እሱ ከተበጠሰ ኸላስ፣ ሞተ ማለት ነው። መዳብ አይንካው። ከባሕሩ ውሃ በቀር ሌላ አትስጪው፤ በጀሪካን የቆመው እስክመጣ ይበቃል። ይኽን ሁሉ አሉ። አንድ ነገር ግን ሳይሏት ቀረ። እሳቸው ማታ ማታ ሲያስተነፍሱት፣ ፀሐይ ከሣጥኑ የቀነሰችውን ከዚሩ በቀዱት ተራ ውሃ ይሞሉት ነበር። እጃቸው የለመደው ነገር ስለሆነ አፋቸው ረሳው። ዙፋንም በዚያ ሰዓት ደንበኞቿን ታስተናግድ ስለነበር አይታ አታውቅም።

ሣጥኑን በአጥሩ በኩል ወደ ዙፋን ግቢ፣ እዚያ ካለው ራኩባ ሥር አዛወሩት። ሴትዮዋ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ኬላው ተዘጋ። ያን ጊዜ ኬላው አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ከላይ ያሉት ናቸው። መኪና ቆመ። የባሕር ውሃም ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ዙፋን ስላደራ የተማረችው ከአባቷ ነው። ጎረቤት ስደት ሲሄድ ገብስ አደራ ትቶላቸው፣ ጎተራው ውስጥ ነቀዘ። ሰውየው ሲመለስ አባቷ እንደነቀዘ አስረከቡት። «ከራስህ ለውጠህ ብትሰጠኝ ምን ነበረ?» ቢላቸው፣ «ያንተ አይሆንም ነበራ» አሉት። ቋሪት ውስጥ ይኽ እንደ ምስጋና ይነገራል። አደራ ላይ አይቀነስም፣ የራስም አይጨመርም። እንዲህ ነው ያደገችው። ስለዚህ የሣጥኑ ውሃ በጎደለ ቁጥር ከጀሪካኑ የባሕር ውሃ ትሞላዋለች። ከራሷ ዚር ጠብታ አልጨመረችበትም። የሰው ነገር ውስጥ የራሷን ውሃ መቀላቀል ሌብነት ባይሆንም ሌብነት ይመስላት ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ኸሊል ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ። ቆብ አላደረገም። ዙፋን ገና ስታየው ገባት።

«ልጁ?» አለችው።

«ቀበሩት። አላህ ይዘንለት። ከሄደች በሳምንቱ ነው፤ ቃሉ የደረሰኝ ግን ዛሬ ነው።»

«እሳቸውስ፣ አያ ኸሊል?»

«አለች ይላሉ። መንገድ እስኪከፈት እዚያው ናት።» ኸሊል ራኩባው ሥር ያለውን ሣጥን አየና ዓይኑን መለሰ። «ያ ነገር አልሞተም?»

«አልሞተም።»

«እንግዲህ…» አለና ሳይጨርሰው ወጣ።

ያን ዕለት የሰፈሩ ሰው በተዘጋው የእትየ ረቢዓ በር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ባለቤቱ የሌለበት ለቅሶ ከባድ ነው፤ የሚያጽናኑት ሰው የለም። ዙፋን እስኪመሽ ተቀመጠች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሣጥኑን ደግማ አየችው። ከዚያ ልጅ እጅ የወጣ፣ በሕይወት ያለ ነገር ይኽ ብቻ ነው። እሳቸው ሲመጡ «ሞተ» ብላ ሌላ መርዶ ልታረዳ ነው? ጎንበስ ብላ ጆንያውን አረጠበችው።

ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። በሚያዝያ መተማ ጥላ ሥር እንኳ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከብት ምላሱን አውጥቶ ይውላል። ዙፋን ጆንያውን ቀኑን ሙሉ ታረጥባለች። ውሃው ግን ከሣጥኑ እያደር ይጎድላል፤ እሷም ከጀሪካን ትሞላለች።

አንድ ቀን የአብዮት ጠባቂው ይርዳው መጣ። ጠብመንጃው ከሱ ይረዝማል ተብሎ የሚቀለድበት ሰው ነው።

«ኮንትሮባንድ ይዘሻል የሚል ጥቆማ አለ፣ እማ ዙፋን።»

«ምን ይዤ?»

«ይኸ የሱዳን ጀሪካን ምንድር ነው? ነጭ ጋዝ ነው? የሱዳን ዐረቂ ነው?»

«የባሕር ውሃ ነው፤ የዚያ የዛጎሉ።»

«ለዛጎል ውሃ ከሱዳን! ኧረ ተይ እባክሽ፣ እኛም የሰው ልጆች ነን።» ክዳኑን ፈታና አንስቶ ጎንጨት አደረገው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ፣ አፉን አጣመመ፣ ደጅ ወጥቶ ተፋው። «እርኩስ! ምን መርዝ ነው!»

«ነገርሁህ እኮ፣ ይርዳው።»

«ይኸንን እየጠጣ ይኖራል?»

«እየኖረ ነው።»

«አብዮቱ እንዲህ ያለ ታጋይ ነው የሚፈልገው» አለና አፉን በእጅጌው እየጠረገ ሄደ። ዙፋን ግን አልሳቀችም። ሲደነግጥ ጀሪካኑን ጥሎታል፤ እስክታነሣው መሬቱ ብዙ ጠጥቷል።

በሆሳዕና ሰሞን ዛጎሉ ተለወጠ። ከንፈሩን እንደ ወትሮው እስከ ጠርዙ አልዘረጋም። ሰማያዊው ፈዞ አመድ መሰለ። በመካከሉ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ እንደ ደከመው ሰው አፍ ተከፍታ ቀረች። ዙፋን እጇን ከላይ አሳለፈች። ዝም አለ። ደግማ አሳለፈች። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ክዳኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ሙቀቱ መስሏት ሰሌን ደረበች። አልተሻለውም። ብርሃን ያነሰው መስሏት ገለጠችለት። ባሰበት። አባቷ ትዝ አሏት፤ እንደነቀዘ የተመለሰው ገብስ። «እንደሞተ ብመልሰውም አደራ በላ አልባልም» አለች በልቧ። ወዲያው አፈረች። ገብስ ነፍስ የለውም።

በማግስቱ ድፍድፏን እሳት ላይ ጥዳ አረቄ ስታወጣ፣ ሣጥኑ ከፊቷ ነበር። ከመስታወቱ ጠርዝ፣ ውሃው እየጎደለ በሄደበት መስመር ላይ፣ ነጭ ነገር እንደ ውርጭ ተጋግሯል። ቀደም ብላ አይታዋለች፤ አቧራ መስሏት ነበር። አሁን በጥፍሯ ፍቃ አየችው። ጨው ነው። ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት በመቃው አልፎ ወደ መቀበያው ይንጠባጠባል፤ አተላው ከማሰሮው ይቀራል። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ነገር ነው። የሚሄደው ሌላ፣ የሚቀረው ሌላ። ፀሐይዋ ከሣጥኑ ስትወስድ የኖረችው ተራውን ውሃ ነው፤ ጨውን ትታው ነው የሄደችው። እሷ ደግሞ በየቀኑ ጨው ያለበት ውሃ ስትጨምርበት ከርማለች።

እርግጡን ለማወቅ መቅመስ አለባት። እዚህ ላይ ቆመች። ሁዳዴ ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ደጅ ላይ ደርሷል። የማይበላ ፍጡር ያደረበት ውሃ ነው። ጣቷን በጀሪካኑ ውሃ ነክራ ቀመሰችና ተፋች፤ ጨው ነው። ጣቷን በሣጥኑ ውሃ ነክራ ቀመሰች። ምላሷን አቃጠላት። መራራ ነው፤ ከጀሪካኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የንስሐ አባቷን አባ ጀምበሩን ከዛፍ ሥር አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ዛጎል ያደረበት ውሃ ቀምሻለሁ።»

«ምን ያደረበት?»

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። አባ ጀምበሩ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ሰሙ።

«ዋጥሽው ወይስ ተፋሽው?»

«ተፋሁት።»

«ለሆድሽ ብለሽ ነው?»

«ለሰው አደራ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ሂጂ። አፍሽን ተጉመጥመጪ። ዐርባ ስገጂ… አይ፣ በዚህ ሙቀት ዐርባ ይገድልሻል፤ የምትችይውን ስገጂ።»

«ሌላም አለ፣ አባቴ። እንዲድን የራሴን ውሃ ልጨምርበት ነው። አደራ ላይ የራስ ይጨመራል?»

 «የሰው ልጅ አደራ ቢተዉልሽ የራስሽን እንጀራ አታበይውም?» አሏት። ከዚያ ጭራቸውን አንሥተው ዝንቡን ማባረር ጀመሩ።

የዚያ ወቅት የመተማ ውሃ ግን ለመጨመር አያስደፍርም። ወንዙ ኮር የሚሉት የደረቀ ቦይ ብቻ ሆኗል፤ ከደረቀው አሸዋ ተቆፍሮ የሚቀዳው ጭቃና የከብት ሽንት ነው። እትየ ረቢዓ ይጨምሩ የነበረው እስከ የካቲት፣ ውሃው ገና ጥሩ በነበረ ጊዜ ነው፤ ያንንም ቢሆን ዙፋን አታውቅም። አጥልላ ቀመሰችው፤ ሸተታት። ያን ጊዜ ዓይኗ መቃው ላይ አረፈ።

ከገበያ አዲስ ማሰሮ ገዛች፤ አሮጌው ምንም ቢታጠብ አረቄው አይለቀውም። መቃውንም አዲስ ቆረጠች። መቀበያዋ ከአፉ ላይ የመዳብ አንገት ነበረው፤ እሱን አስወግዳ የሸክላ መቀበያ ተካች። በማሰሮው የኮሩን ውሃ ሞልታ፣ መጋጠሚያውን በሊጥ መርጋ፣ እሳት አነደደች። ድፍድፍ የለ፣ ጌሾ የለ። ጭቃው ከሥር ቀረ፤ ከመቃው የወጣው ጠብታ የጠራ፣ ምንም ምንም የማይል ውሃ ሆነ።

ባንድ ጊዜ አልሞላችውም። ሁዳዴን የጾመ ሆድ በፋሲካ ሌሊት ሥጋ ሲጎሰጎስበት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ጠዋት አንድ ስኒ፣ ማታ አንድ ስኒ፣ በቅል ከጠርዙ በኩል ቀስ አድርጋ። በየማታው እየቀመሰች፣ እየተፋች፣ ከጀሪካኑ ጣዕም ጋር እያስተያየች። ስግደቱንም አልተወችውም።

እሳቱ አንድ፣ እንጨቱ ጥቂት ነው። ውሃ ስታወጣ አረቄ አይወጣም። ደንበኞቿ መጡ፤ ከጎጃም የወረደ ደሞዝ የሚባል ጎልማሳ፣ የአገሯ ልጅ፣ ሳትሰጠው ከመቀበያው ቀድቶ ጨለጠ። ብርጭቆውን ፀሐይ ላይ አንሥቶ አየው።

«እማ ዙፋን፣ ይኸ አረቄ ምነው አይናገር?»

«ውሃ ነው።»

«ውሃውን አወቅሁ። እንዴት ብትጠሊን ነው ውሃ አንጥረሽ የምታጠጪን?»

«ላንተ አይደለም። ለዚያ ነው።»

ደሞዝ ሣጥኑን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አይ ዘመን! ሰው እንጥፍጣፊ አጥቶ የድንጋይ ጆሮ ይታጠብለታል።» ጓደኞቹ ሳቁ። ሌላ አረቄ ቤት ፈልገው ሄዱ። በዚያ ሰሞን ሽሮዋም ዘይት አላየም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ጆንያውን ልታረጥብ ጎንበስ ስትል ጥላዋ ሣጥኑ ላይ አረፈ። ዛጎሉ ጥርቅም አለ። ዙፋን ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እስኪከፈት ጠበቀች። ሲከፈት ከንፈሩ ከጠርዙ አልፎ ወጣ፤ ሰማያዊው ገና ሐመር ነበረ። ዳግም እጇን አላሳለፈችበትም። ሊያርፍ ይገባዋል ብላ ሄደች።

ክረምቱ ገባ። ሰማዩ በደመና ሲዋጥ ሣጥኑን ከራኩባው አውጥታ ሜዳ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ዝናብ ሲያጉረመርም እየሮጠች ትከድነዋለች። ኸሊል በአህያ መንገድ በድብቅ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ አስመጣላት። «ለምን እንደማደርገው አላውቅም» እያለ ነው የሰጣት።

በነሐሴ ኬላው ተከፈተና እትየ ረቢዓ መጡ። ነጭ ለብሰዋል። ከስተዋል፤ አጥንታቸው በልብሱ ላይ ይቆጠራል። ዙፋን በሩ ላይ ተቀበለቻቸው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። ለቅሶ ላይ ስለ አደራ አይነሣም። ዙፋን ሰው እስኪቀል ውሃ እየቀዳች፣ ለመጣው እያቀረበች ሰነበተች። ሴትዮዋ ስለ ዛጎሉ አንድም ቃል አልጠየቁም። ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትየ፣ አደራዎን ይረከቡኝ።»

«የምን አደራ?»

«ዛጎሉን።»

እትየ ረቢዓ ቀና ብለው አዩዋት። «አልሞተም?»

«አልሞተም።»

«ወላሂ፣ እኔ ሞቷል ብዬ ቆርጬ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁትም፣ ዙፋን። አንድ ቀን።»

ዙፋን አንገቷን ደፋች። እሷ በዚያ ሁሉ ወራት ከእሱ ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበረም። ግን ይኽን አልተናገረችም። እጃቸውን ይዛ ወደ ግቢዋ አሻገረቻቸው።

እትየ ረቢዓ ሣጥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ዛጎሉ ተዘርግቷል። ገርጣ ካለው ከድሮው ጠርዝ በላይ አዲስ፣ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ጥፍር የመሰለ ክር በቅሎበታል።

«ይኸ ነጩ ምንድር ነው?»

«እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ያደገው ነው።»

«ልጄ ይኸን አላየውም» አሉ እትየ ረቢዓ።  ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ነበሩ።

በማግስቱ ቤታቸውን ለኸሊል ትተው ወደ ፖርት ሱዳን ጠቅልለው ሊሄዱ እንደሆነ ነገሯት። ልጃቸው እዚያ ነው የተቀበረው። ዙፋን ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ይኽ ለእሷ የሚነገር ነገር አይደለም።

«ዛጎሉስ መንገዱን ይችለዋል?» አሉ እትየ ረቢዓ። «ክረምት ነው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢቀር… አንቺ ታውቂዋለሽ። አይችለውም ካልሽ እተውልሻለሁ።»

 አይችልም ብትል ማንም ውሸት ነው አይላትም። ግማሹ እውነት ነው። ጥቁሩ መሬት ሲረጥብ መኪና ይውጣል። ሣጥኑ እዚያ ራኩባ ሥር ቢቀር፣ ማታ ማታ ማስተንፈሱ ቢቀጥል… የግቢዋን አሸዋ በእግሯ ጣት አስተካከለች።

«ይችለዋል» አለች። «ሙቀቱ በርዷል፤ ከአሁን የተሻለ ጊዜ አያገኙም። መኪና ቢቆም ከመኪናው ያውርዱት፣ ብርሃን ያሳዩት። ጆንያው አይድረቅ። ደግሞ ውሃው ሲጎድል በባሕር ውሃ እንዳይሞሉት። በተራ ውሃ ነው።»

«አንቺ! መጀመሪያ ያስተማርሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ይኸን አልነገሩኝም፣ እትየ።»

እትየ ረቢዓ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «የዚሩን ውሃ… አልነገርሁሽም?» ከዚያ፣ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። «ታዲያ በምን ውሃ አቆየሽው?»

«በአረቄ ማሰሮ ባወጣሁት።»

«አስተግፊሩላህ!»

«አዲስ ማሰሮ ነው፣ እትየ። አዲስ።»

ዙፋን ለመንገዱ የሚሆን የተነጠረ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ አፉን በጨርቅ ወትፋ ሰጠቻቸው። ሣጥኑን ራሷ ተሸክማ መኪናው ጋ ወሰደችው፤ ማንንም አላስነካችም። እትየ ረቢዓ ጋቢና ገብተው ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። ተሳሳሙ። መኪናው ወደ ኬላው ወረደ።

ዙፋን ከዚያው ወደ ገበያ ሄደች፤ ጌሾና ብቅል ሸመተች። ድፍድፍ ለመድረስ ቀን ይፈልጋል።

አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለ ሰሞን፣ አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ከኸሊል ሱቅ ተጠቁሞ ዙፋን ቤት መጣ። አማርኛው ስብርብር ነው።

«ዙፋን አንቺ ነሽ? ረቢዓ ልካኛለች።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና። 'ደርሷል በላት' ብላኛለች።»

ዙፋን ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ባሕር ገባ? ወይስ ከሣጥኑ ነው? ከንፈሩን ዘርግቷል? ቀለሙስ?»

ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አላየሁም። 'ደርሷል በላት' ብቻ ነው ያለችኝ።»

 ዙፋን በርጩማ ሳበችለት።

«ይበቃል» አለች። «ተቀመጥ፣ መንገድ ደክሞሃል።»